የቨርጂኒያ ምክር ቤት ምርጫ፦ ከወረቀቱ ታች ያለውን ስም ለምን እንዘለዋለን?

አዲስ መራጭ (አሌክሳንድሪያ)

ሰላም ለሁላችሁ። ዜግነት ያገኘሁት ዘንድሮ ነው። ኖቬምበር 4 ቀን 2025 በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሰጠሁ። ከሥራ ስወጣ ዩኒፎርሜን እንኳን ሳልቀይር ነው የሮጥኩት። ምርጫ ጣቢያው ሊዘጋ 40 ደቂቃ ሲቀረው ደረስኩ። ወረቀቱን ሲሰጡኝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ለገዥነት የሚወዳደሩትን አውቃቸዋለሁ። አቢጌይል ስፓንበርገርንና ዊንሰም ኧርል-ሲርስን ስንት ወር በቴሌቪዥን አይቻቸዋለሁ። ስለ ምክትል ገዥና ስለ ዋና ዐቃቤ ሕግም ትንሽ አንብቤ ነበር። ከእነሱ በታች «የተወካዮች ምክር ቤት አባል» የሚል መጣ። እዚያ ያየሁትን ስም አላውቀውም። የማላውቀውን ሰው መምረጥ ደግሞ ትክክል አልመሰለኝም። ክቧን ሳላጠቁር ወረቀቱን ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። «መርጫለሁ» የምትለዋን ተለጣፊ ደረቴ ላይ ለጥፌ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ የ4ኛ ክፍል ልጄ ጠበቀኝ። ትምህርት ቤት ስለ ቨርጂኒያ እየተማሩ ነው። «እማዬ፣ የኛ ዴሊጌት ማን ነው?» አለኝ፤ የምክር ቤቱን ተወካይ ማለቱ ነው። መልስ አጣሁ። ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

እባካችሁ የምታውቁ አስረዱኝ። ይሄ ምክር ቤት ምን ይሠራል? ኮንግረስ የምንለው ነው ወይስ ሌላ ነው? እኔ ባዶ በመተዌ የተጎዳ ነገር አለ?

—

የምርጫ ጣቢያዋ (ፌርፋክስ)

እኅቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። እኔ የምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ 6 ዓመቴ ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስቼ፣ ጠዋት 12 ሰዓት በር ከፍቼ፣ ማታ 1 ሰዓት የምዘጋ ሴት ነኝ። እንዳንቺ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ሳይ እኔም ዕንባዬ ይመጣል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ኮንግረስ ዋሽንግተን ነው። ይሄኛው ሪችመንድ ነው፣ የቨርጂኒያ የራሷ ሕግ አውጪ። ሁለት ምክር ቤት አለው። ሴኔቱ 40 አባላት አሉት፣ የሚመረጡት ለ4 ዓመት ነው። የተወካዮች ምክር ቤቱ 100 አባላት አሉት፣ የሚመረጡት ለ2 ዓመት ብቻ ነው። ስቴቱ በ100 የምርጫ ክልል ይከፈላል። እዚህ ሁላችንም ዲስትሪክት እንለዋለን። ከእያንዳንዱ አንድ ሰው ይገባል፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ አለቀ። አገር ቤት 547ቱ የምርጫ ክልሎች ላይ እንደሚደረገው ማለት ነው።

በ2020 ቆጠራ ቨርጂኒያ 8.6 ሚሊዮን ሰው ነበራት። ለ100 አካፍዪው። በአንድ ዲስትሪክት 86 ሺህ ገደማ ሰው ይደርሳል። እዚያ ቁጥር ውስጥ ሕፃኑም፣ ዜጋ ያልሆነውም አለበት። አንቺም ገና ግሪን ካርድ ይዘሽ ሳለ ያ ሰው ያንቺ ተወካይ ነበር።

ምን ይሠራሉ ላልሽው፦ ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ይወስናሉ። የአከራይና ተከራይ ሕግ ያወጣሉ። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች መንግሥት የሚከፍለው የጤና መድን) ለማን እንደሚደርስ፣ ስቴቱ ለትምህርት ቤቶች ስንት እንደሚሰጥ፣ መንጃ ፈቃድ ማን እንደሚያገኝ፣ ይሄ ሁሉ የእነሱ ነው። ከ2021 ጀምሮ ወረቀት የሌላቸው ወገኖቻችን ልዩ የመንጃ ካርድ ማውጣት የቻሉት እዚያ ምክር ቤት ውስጥ በተወሰነ ነው። በዓመት የሚከፈላቸው 17,640 ዶላር ነው። አብዛኞቹ ሌላ ሥራ አላቸው። ጃንዋሪ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ሙሉ ቁጥር በሆነው ዓመት 60 ቀን፣ በጎዶሎው ዓመት አብዛኛውን ጊዜ 46 ቀን። በዚህች አጭር ጊዜ ነው ነገሩ ሁሉ የሚያልቀው።

ውጤቱን ደግሞ ሰምተሽ ይሆናል። ከምርጫው በፊት ዴሞክራቶች 51 ለ49 ነበር የሚመሩት። አሁን ዴሞክራቶች 64፣ ሪፐብሊካኖች 36 ሆኑ። በአንድ ቀን 13 ዲስትሪክት እጅ ቀየረ።

ባዶ መተውሽ ጥፋት አይደለም፤ መብትሽ ነው። ሌላው ድምፅሽ ይቆጠራል። ግን ስሙን ቀድሞ ማወቅ ይቻል ነበር። የሚመጣው ወረቀት ናሙና ከምርጫው በፊት በምርጫ ጽሕፈት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ይወጣል። እኔ ለሰፈሬ ሴቶች አትሜ እሰጣለሁ። ቡና ላይ ቁጭ ብለን ስም በስም እናየዋለን።

—

ከርሞ ጥጃ

ለሁለታችሁም አክብሮት አለኝ። ግን እውነቱን እንነጋገር። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ምሥራቅ ፌርፋክስ፤ እዚህ ዴሞክራቱ እንደሚያሸንፍ ከወራት በፊት የታወቀ ነው። ልዩነቱ በሺዎች ነው። የኔ አንድ ድምፅ ምን ይጨምራል?

በዚህ ላይ እኔ በኛ አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሰልፍ ቆሜ የመረጥኩ ሰው ነኝ። ከ547 መቀመጫ 545ቱን ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምርጫ ወረቀት ሳይ ሆዴ ይዘጋል። እዚህ ከመጣሁም በፕሬዚዳንት ምርጫ ብቻ ነው የምወጣው።

—

የሌሊት ሹፌር

ወንድሜ ከርሞ ጥጃ፣ ሆድህ መዘጋቱ ይገባኛል። የኔም ተዘግቶ ነበር። የከፈተልኝን ነገር ልንገርህ።

በ2017 ኒውፖርት ኒውስ ላይ 94ኛው ዲስትሪክት ውስጥ ሁለት ሰዎች ተወዳደሩ። ዴቪድ ያንሲ ሪፐብሊካን፣ ሼሊ ሳይመንድስ ዴሞክራት። በመጀመሪያው ቆጠራ ያንሲ በ10 ድምፅ መራ። ድጋሚ ሲቆጠር ሳይመንድስ በ1 ድምፅ አሸነፈች ተባለ። በነጋታው ሦስት ዳኞች አንዲት አከራካሪ ወረቀት አዩና «ይቺ የያንሲ ናት» አሉ። 11,608 ለ11,608 ሆነ። እኩል!

የቨርጂኒያ ሕግ እኩል ከሆነ ዕጣ ይውጣ ይላል። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ሪችመንድ ላይ ስማቸውን በወረቀት ጽፈው፣ በድሮዋ የካሜራ ፊልም ማስቀመጫ ውስጥ ጠቅልለው፣ ከሥነ ጥበብ ሙዚየም በመጣ የሸክላ ሳህን ውስጥ ጨመሩት። የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ እጁን ሰደደ። የያንሲ ስም ወጣ። የ100 ሰው ምክር ቤት 51 ለ49 የሪፐብሊካን ሆነ። ሳህኑ ሌላውን ስም ቢሰጥ 50 ለ50 ነበር።

እኔ ያን ቀን ኤርፖርት ተራ እየጠበቅሁ በስልኬ እያየሁ ነበር። አጠገቤ የነበሩት ሹፌሮች ሁሉ መኪናቸውን ትተው መጡ። ቤት የቀረ አንድ ሰው፣ ሥራ የበዛበት አንድ ሰው ወጥቶ ቢሆን ዕጣ ባላስፈለገ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው የኔን ቤት የነካው። ቨርጂኒያ ሜዲኬይድን ለማስፋት ለዓመታት እምቢ ስትል ነበር። በ2017 ምርጫ ዴሞክራቶች 15 መቀመጫ ጨመሩ። ከ34 ወደ 49። አብላጫውን አላገኙም፤ ግን ከሌላኛው ወገን ያሉትም መልእክቱ ገባቸው። አንዳንዶቹ ሪፐብሊካኖች አብረው ድምፅ ሰጡና በ2018 ሕጉ አለፈ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ ተግባር ላይ ዋለ።

እኔ ስኳር አለብኝ። ከዚያ በፊት ኢንሹራንስ የለኝም ነበር። ኢንሱሊን እየቆጠብኩ፣ አንዳንድ ቀን ግማሽ እየወጋሁ እነዳ ነበር። ከፌብሩዋሪ 2019 በኋላ መድኃኒቴን ሙሉ ወሰድኩ። ይሄ ነው የዲስትሪክት ምርጫ ማለት ለኔ።

የእህቴ ደግሞ ይብሳል። ግሪን ካርድ ከያዘች 5 ዓመት አልፏት ነበር። የፌዴራሉ ሕግ ይበቃል ይላል። ቨርጂኒያ ግን በራሷ «40 ሩብ ዓመት ሠርተሽ አሳዪ» ትል ነበር። 10 ዓመት ማለት ነው። መኪና ማቆሚያ ትኬት እየቆረጠች የምትኖር ሴት ተከለከለች። ይህን ደንብ በ2021 ያነሱት እነዚያው ሪችመንድ የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። ማንም ቴሌቪዥን ላይ አልዘፈነበትም። እኔ ግን ቀኑን አስታውሳለሁ። አፕሪል 1 ነበር።

—

አዲስ መራጭ (አሌክሳንድሪያ)

ጋሼ፣ አሁን እያነበብኩ አለቀስኩ። እግዚአብሔር ጤናዎን ይስጥዎ።

—

ከርሞ ጥጃ

ጋሼ አመሰግናለሁ። ይህን አላውቅም ነበር። እርስዎ ያሉት ግን ኒውፖርት ኒውስ ነው። የኔ ጥያቄ አሁንም አለ። ውጤቱ ባለቀለት ዲስትሪክት የምኖር ሰውስ?

—

የማርታ እናት

እዚህ ላይ እኔ ልግባ። ወንድሜ፣ አንተ ዲስትሪክት ውስጥ ምርጫው የሚያልቀው ኖቬምበር አይደለም፤ ጁን ነው። ፕራይመሪው ላይ፣ ማለትም የፓርቲው ዕጩ በሚመረጥበት ቅድመ ምርጫ። ዘንድሮ ጁን 17 ነበር። ዋናው ፍልሚያ ያኔ ነው፣ የሚወጣው ሰው ደግሞ በጣም ትንሽ ነው። ጥቂት ሺህ ሰው ለ86 ሺህ ሰው ተወካይ ይመርጣል።

ቨርጂኒያ ውስጥ ስትመዘገብ ፓርቲህን አትጠየቅም። ማንኛውም የተመዘገበ መራጭ ከሁለቱ ፓርቲዎች በአንዱ ፕራይመሪ መምረጥ ይችላል። አንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም አንድ መስጊድ ቅዳሜና እሁድ የሚሰበስበውን ሕዝብ አስብ። ያ ሕዝብ ጁን ላይ ቢወጣ ማን ይንቀው ነበር?

እኔ ሁለት ፕራይመሪ ላይ በር ለበር ሄጃለሁ። አርሊንግተን ውስጥ ኮሎምቢያ ፓይክ በሚባለው ጎዳና ላይ ካሉት አፓርታማዎች አንዱ ውስጥ የአማርኛ ስም ያለበትን በር ብቻ መርጠን አንኳኳን። ከከፈቱልን ውስጥ ብዙዎቹ «ምርጫ ኖቬምበር አይደል?» አሉን። አንዲት እናት ግን ሻይ ካልጠጣችሁ አትሄዱም ብላ አስቀመጠችን። ስንወጣ የልጇን፣ የባሏን፣ የጎረቤቷን ስም ጽፋ ሰጠችን። ጁን ላይ አራቱም መጡ።

—

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከወንዙ ማዶ ሰላም። እኛ ሜሪላንዶች ሌላ ነው አሠራራችን። 47 ዲስትሪክት ብቻ አለን። እያንዳንዱ 1 ሴናተርና 3 ዴሊጌት ይልካል። በጠቅላላ 188 ሰው። ሁሉም ለ4 ዓመት ነው የሚመረጡት፣ ከገዥው ጋር በአንድ ቀን። ስለዚህ ሰው ቢያንስ ለገዥው ሲወጣ ያገኛቸዋል። እናንተ በየሁለት ዓመቱ ጎዶሎ ቁጥር ላይ ስለምትመርጡ ይረሳል። በ2023 ለምሳሌ ቨርጂኒያ ውስጥ ገዥም ፕሬዚዳንትም ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ከስቴቱ ወንበሮች ሴኔቱና ምክር ቤቱ ብቻ ነበሩ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። እኛ ሞንጎምሪ ካውንቲ በ2024 የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ ተግባራዊ አደረግን። በዓመት ከ6 በመቶ በላይ መጨመር አይቻልም። ቨርጂኒያ ያሉት ዘመዶቼ «ለምን እኛ ጋ የለም?» ይሉኛል። መልሱን የምታውቁ ካላችሁ።

—

አዲስ መራጭ (አሌክሳንድሪያ)

ይሄን ጥያቄ እኔ በገዛ ራሴ ቤት አየሁት። አምና ኪራዬ በአንዴ 310 ዶላር ጨመረ። ደብዳቤው በሬ ሥር ተወርውሮ ነው ያገኘሁት። ሕንፃው ውስጥ ያለነው ግማሹ ሐበሻ ነን። ተሰባስበን ከተማው ስብሰባ ላይ ሄድን። አንዷ ልጅ እንግሊዝኛዋ ጥሩ ስለሆነ እሷ ተናገረችልን። በደንብ ሰሙን። መጨረሻ ላይ «ይሄ በእኛ እጅ አይደለም፣ የሪችመንድ ነው» አሉን። እኔ ያኔ ሪችመንድ ሲባል ገዥውን ማለታቸው መስሎኝ ነበር።

—

ካርታ አንባቢ (ሪችመንድ)

አይደለም እኅቴ። ልክ ይሄ ባዶ የተውሽው መስመር ነው።

ቨርጂኒያ የምትመራው የዲለን ደንብ በሚባል አሠራር ነው። ከተማና ካውንቲ ስቴቱ በግልጽ የፈቀደላቸውን ብቻ ነው መሥራት የሚችሉት። የኪራይ ጣሪያ አልተፈቀደላቸውም። ከተማው እንዲፈቀድለት የ100ው ተወካዮችና የ40ው ሴናተሮች አብላጫ ድምፅ ያስፈልጋል። ገዥውም ውድቅ ሊያደርገው ይችላል። ይህን የሚፈቅዱ ረቂቆች ለዓመታት ቀርበዋል፤ እየወደቁ ነው የመጡት። ስለዚህ ያንቺ ኪራይ ላይ ደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያ ተራራ ውስጥ ያለ ዲስትሪክት የላከው ሰውም ድምፅ አለው። አንቺ ደግሞ የላክሽው ሰው አለ።

አሁን ስለ ካርታው ልጻፍ፣ ምክንያቱም የዚህ ሁሉ ሥሩ እሱ ነው። ማን የት መስመር ያሰምራል?

እንበልና 3 ዲስትሪክት አለ፣ በእያንዳንዱ 100 መራጭ። እኛ 120 ነን። መስመሩን የሚያሰምረው ሰው 90ያችንን አንድ ዲስትሪክት ውስጥ ቢያጭቀንና ቀሪውን 15፣ 15 ቢያደርገው አንድ መቀመጫ ብቻ እናገኛለን። 40፣ 40፣ 40 ቢበትነን ምንም አናገኝም። 60፣ 60 ቢያደርገንስ? ሁለት እናገኛለን። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው። የተለወጠው እርሳሱ ብቻ ነው።

ይሄ እዚህ በእውን ሆኗል። በ2011 የወጣው ካርታ ላይ የፌዴራል ፍርድ ቤት 11 ዲስትሪክቶች በዘር ላይ ተመሥርተው ጥቁር መራጮችን አጭቀዋል ብሎ በ2018 ጣላቸው። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። በጁን 2019 የምክር ቤቱ ይግባኝ ውድቅ ሆነ። የዚያን ዓመት ምርጫ በአዲስ መስመር ተደረገና ዴሞክራቶች ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያዙ። ጋሼ ያነሷት ሼሊ ሳይመንድስም ከያንሲ ጋር እንደገና ተወዳድራ ያኔ ገባች።

በ2020 ሕዝቡ የቨርጂኒያን ሕገ መንግሥት አሻሻለ። መስመሩን 16 ሰዎች ያሉበት ኮሚሽን ያሰምር ተባለ፤ 8 ከምክር ቤት፣ 8 ከተራው ዜጋ። አልተስማሙም። ነገሩ ወደ ቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ። ፍርድ ቤቱ ሁለት ባለሙያዎች ቀጠረ፤ አንዱን ከዴሞክራቶች ጥቆማ፣ አንዱን ከሪፐብሊካኖች። ዲሴምበር 28 ቀን 2021 ካርታው ጸደቀ። ባለሙያዎቹ «እገሌ ተወካይ ቤቱ የት ነው?» ብለው አልተጨነቁም። ብዙ ነባር ሰዎች አንድ ዲስትሪክት ውስጥ ተገናኙ። አንዳንዶቹ ጡረታ ወጡ። እኔ በዕድሜዬ ካየኋቸው ካርታዎች ይሄኛው የተሻለ ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ የተሠራበት በ2023 ሲሆን ውጤቱ 51 ለ49 ወጣ።

—

የሬስቶራንቱ ባለቤት

ሁላችሁም ደህና ተናገራችሁ። ግን እዚህ የተጻፈውን የሚያነብ ሰው ሐበሻ ሁሉ ዴሞክራት ነው ሊል ይችላል። አይደለንም። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ሪፐብሊካን ነው የምመርጠው። በ2021 ምክር ቤቱን 52 ለ48 ሲያሸንፉ ደስ ብሎኛል።

ምክንያቴን በግልጽ ልናገር። 14 ሰው ቀጥሬ አሠራለሁ። በ2020 የወጣው ሕግ ዝቅተኛውን ክፍያ ከ7.25 ተነስቶ በደረጃ 12 ዶላር አደረሰው። በ2025 ደግሞ 12.41 ሆነ። 15 ይሁን የሚለውን ረቂቅ የዚያን ጊዜው ገዥ ያንግኪን ሁለት ጊዜ ውድቅ አደረገው። ለኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነበር። ጤፍ ተወደደ፣ ሥጋ ተወደደ፣ ኪራይ ተወደደ። ኩሽና ያለችው እናት ብዙ ብታገኝ እኔም ደስ ይለኛል፤ ልጆቿን አውቃቸዋለሁ። ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከየት አመጣለሁ?

ይህን ለዴሊጌቴ ጻፍኩ። ዴሞክራት ናት። ስልክ ተደወለልኝ። ረዳቷ መጥቶ እዚሁ ሬስቶራንት ተቀምጦ ሒሳቤን አየ። ድምፅ አልሰጠኋትም ብዬም ነገርኩት። «ምንም አይደለም፣ እዚህ ዲስትሪክት ውስጥ ነህ» አለኝ። ሐሳቧን አልቀየረችም። እኔም አልቀየርኩም። ግን አወቅሁ፤ ደጁ ክፍት ነው። ስንቶቻችን አንኳክተናል?

—

የሌሊት ሹፌር

ወንድሜ፣ በክፍያው ጉዳይ አንስማማም። እህቴ በ7.25 የሠራችበትን ዘመን አይቻለሁ። ግን ሰው ሁሉ እንዳንተ ሄዶ ቢነግራቸው ደስ ይለኛል። ምግብህ የት እንደሆነ በውስጥ መስመር ንገረኝ፣ መጥቼ እንጨርሰዋለን።

—

ነርስ ተማሪ (ፒተርስበርግ)

እኔ የምኖረው ሐበሻ በማይበዛበት አካባቢ ነው። 82ኛው ዲስትሪክት። ስለዚህ የኛን ታሪክ ልጨምር።

በ2023 ኪም ቴይለር የተባለች ሪፐብሊካን ከኪምበርሊ ፖፕ አዳምስ ጋር ተወዳደረች። ድጋሚ ተቆጥሮ ልዩነቱ 53 ድምፅ ሆነ። ሃምሳ ሦስት! የኔ የማታ ክፍል ተማሪዎች ቁጥር ከዚያ አይርቅም። ቨርጂኒያ ውስጥ ድጋሚ ቆጠራ በራሱ አይመጣም፤ የተሸነፈው መጠየቅ አለበት፣ ልዩነቱም ከ1 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከግማሽ በመቶ ካልበለጠ ወጪው በተሸናፊው አይደለም።

ያኔ አልመረጥኩም ነበር። ፈተና ነበረብኝ። ማግሥቱን «ዛሬ ባይሆን ነገ ይሻላል» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። 53 የሚለውን ቁጥር ስሰማ ግን በጣም አፈርኩ። ዘንድሮ ሁለቱ እንደገና ተገናኙ። ገና ሴፕቴምበር ላይ፣ በቀደመው ድምፅ መስጫ፣ ወጥቼ መረጥኩ። 45 ቀን ይሰጣሉ እኮ፤ ምርጫው ሊደርስ ሦስት ቀን እስኪቀረው ቅዳሜ ድረስ። ፖፕ አዳምስ አሸነፈች። እኔ ለማን እንደሰጠሁ አልናገርም። ግን ከተቆጠሩት ውስጥ ነኝ።

—

የምርጫ ጣቢያዋ (ፌርፋክስ)

ስለ ቋንቋ ማንም አላነሳም። እኔ ላንሳው፣ ምክንያቱም በዓይኔ የማየው ነው።

ከ2 ዓመት በፊት አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር መጡ። ነጠላቸውን ተከናንበዋል። ወረቀቱን ተቀብለው ወደ መጻፊያው ሄዱ። ልጅቷ ራቅ ብላ ቆመች፤ አብሮ መግባት የሚከለከል መስሏታል። እናትየው ወረቀቱን ገልብጠው አዩት፣ እንደገና ገለበጡት፣ ከዚያ ቀና ብለው በዓይናቸው ሰው ፈለጉ። እኔ ጠጋ ብዬ በአማርኛ «እማማ፣ ልጅዎ ታንብብልዎ፤ ይቻላል» አልኳቸው። ፊታቸው በራ። የረዳት ቅጹን ሁለቱም ፈረሙ። ልጅቷ ስም በስም አነበበችላቸው። እሳቸው ግን እርሳሱን ለማንም አልሰጡም። እያንዳንዷን ክብ ራሳቸው አጠቆሩ፣ ቀስ ብለው፣ ጥለት እንደሚጠልፍ ሰው። እስከ ታች ድረስ።

ይህ መብት ነው። በፌዴራሉ ሕግ ማንበብ የማይችል ሰው የሚያምነውን ረዳት ይዞ መግባት ይችላል። አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል ብቻ መሆን የለበትም። በአማርኛ የታተመ ወረቀት ግን የለንም። የፌዴራሉ የቋንቋ አንቀጽ የሚሸፍነው ስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ የእስያ ቋንቋዎችንና የአገሬው ሕዝቦችን ነው። የአፍሪካ ቋንቋ አልተካተተም። ድልድዩን ተሻግረሽ ዲሲ ብትሄጂ ግን ከተማው በ2004 ባወጣው የቋንቋ ሕግ አማርኛ አለ። እዚህም ቢሆን ስቴቱ ከፈለገ ይችላል። ማን ይጠይቅልን?

—

የማርታ እናት

እኛው ነን የምንጠይቀው። ሌሎቹን እዩ። ካቲ ትራን ከቬትናም ሕፃን ሆና በጀልባ የመጣች ስደተኛ ናት። በ2017 ተመርጣ ስፕሪንግፊልድ አካባቢን ወክላ ምክር ቤት ገባች። ጋዛላ ሃሽሚ ህንድ ተወልዳ በልጅነቷ መጣች፤ በ2019 ለስቴቱ ሴኔት ተመረጠች፣ በ2025 ደግሞ ምክትል ገዥ ሆና ተመረጠች። ላውደን ካውንቲ ላይ ሱሃስ ሱብራማንያም ከሴኔት ወደ ኮንግረስ ሲሄድ ካናን ስሪኒቫሳን ከምክር ቤቱ ወደ ሴኔቱ ወጣ፤ የሱን ቦታ ጄ ጄ ሲንግ ያዘ። ሦስቱም የህንድ ዝርያ ያላቸው ናቸው። ይሄ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ዓመታት በር አንኳኩተዋል።

የኛ ሰው ኔቫዳ ላይ በ2018 ዲስትሪክት 42ን አሸንፎ ነበር፤ አሌክሳንደር አሰፋ። በኋላ ቦታውን ለቀቀ። ቨርጂኒያ ውስጥ ይህን ያህል ሕዝብ ይዘን ገና ነን። ያማል።

—

ከርሞ ጥጃ

ሁሉንም አነበብኩ። ዲስትሪክቴን ፈልጌ አገኘሁ። 3ኛው ነው። ጁንን ካላንደሬ ላይ ጻፍኩ። በ2027 ሴኔቱም ምክር ቤቱም በአንድ ቀን ነው አሉ፤ 140ው መቀመጫ በሙሉ። እሱንም ጻፍኩ። የማርታ እናት፣ በር ለማንኳኳት ሰው ሲያስፈልግሽ ንገሪኝ።

—

አዲስ መራጭ (አሌክሳንድሪያ)

እኔም አገኘሁ። የኛ 4ኛው ዲስትሪክት ነው። ሻርኒል ሄሪንግ ትባላለች። ከ2009 ጀምሮ እዚያ ምክር ቤት ውስጥ ናት፣ አሁን ደግሞ የብዙኃኑ ፓርቲ መሪ ናት። ስሟን አላውቀውም ብዬ የተውኳት ሴት! ልጄን ጠርቼ ነገርኩት። ስሟን ደብተሩ ላይ ጻፈው።

ስለ ኪራዩ ደብዳቤ መጻፍ ጀምሬያለሁ። በአማርኛ ጽፌ ልጄ እየተረጎመልኝ ነው። ጃንዋሪ 14 ቀን 2026 ስብሰባው ይከፈታል አሉ። ከሕንፃችን ሦስት ሴቶች ሪችመንድ ድረስ ሄደን በእጃችን ልንሰጣት አስበናል። መኪና ያለን ግን አንዷ ብቻ ናት፣ እሷም ሀይዌይ ትፈራለች።

—

የሌሊት ሹፌር

መንገዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ 95 ቁጥር ሀይዌይ ካልተዘጋጋ። የኔ መኪና ከኔ ሌላ አምስት ሰው ትይዛለች። ጃንዋሪ 14 ረቡዕ ነው፣ ተራዬን እሰጣለሁ። ጠዋት 12 ሰዓት ሕንፃችሁ በር ላይ እገኛለሁ። ልጁም ትምህርት ቤቱ ከፈቀደለት ይምጣ።

—

የምርጫ ጣቢያዋ (ፌርፋክስ)

ጋሼ፣ አንዷን ወንበር ለኔ ያዙልኝ። ዳቦ ጋግሬ እመጣለሁ። የአማርኛውን ወረቀት ጥያቄ እኔ እይዛለሁ።